የጎደለው ዕቃና የሠራተኛው ደሞዝ

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)



 

ባለፈው ዒድ፣ እዚህ ኦጎልቾ፣ ሰላቱ አልቆ ሰዉ «ዒድ ሙባረክ» እየተባባለ ሲበተን አንዲት ወጣት ከእናቷ ጋር ዳር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ከቁርኣን ቤት ጀምሮ የማውቃት ልጅ ናት። አዲስ አበባ ገብታ በአንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ከተቀጠረች ሦስት ዓመት አልፏታል። የድርጅቱን ስም አላነሳም፤ የእሷንም እንደዚያው።

«ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው» አለችኝ። «በአንድ ወር ውስጥ ሸለሙኝም፣ ቀጡኝም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ወር ድርጅቱ «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ» ብሎ መርጧት ፎቶዋን መግቢያው በር አጠገብ ሰቅሎላታል፤ የምስክር ወረቀትም ሰጥቷታል። በወሩ መጨረሻ ደግሞ የዕቃ ቆጠራ ተደረገ። ከመዝገቡ ጋር ሲመሳከር ዕቃ ጎድሎ ተገኘ። የጎደለው ዕቃ ዋጋ በፎቁ ላይ ለሚሠሩት ሁሉ እኩል ተከፋፈለና ከደሞዛቸው ተቆረጠ። ከእሷም ጭምር።

«ታማኝ ነሽ ብለው ሸለሙኝ፤ ጎድሎብሻል ብለው ቆረጡብኝ። እኔ ሌባ ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

እናቷ ጣልቃ ገብተው «ፎቶው እንኳ ይቅርባት፤ ፎቶ ጤፍ አይገዛ» አሉ። ሳቅን። ልጅቷ ግን አልሳቀችም።

ቆሜ የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ምክንያቱም ከየቤታችን ልጆች ወጥተው በአሰላ፣ በአዳማና በአዲስ አበባ መደብሮች ተቀጥረዋል። ከእናንተ መካከልም ሱቅ ያላችሁ፣ ሁለትም አምስትም ሠራተኛ የምታስተዳድሩ አላችሁ። በ2016 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ ደግሞ ቀድሞ በአብዛኛው ለአገር ልጆች ተከልሎ የነበረው የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። ስለሆነም በትልልቅ መደብሮች የሚቀጠረው ልጃችን እየበዛ መሄዱ የማይቀር ነው። ሠራተኛ እንዴት ይመዘናል? እንዴትስ ይሸለማል? የሚለው ጥያቄ የእኛም ቤት ጥያቄ ሆኗል ማለት ነው።

በትንሽ ሱቅ ነገሩ ቀላል ነው። ባለቤቱ በር ላይ ወንበሩን አውጥቶ ይቀመጣል። ማን አርፍዶ እንደመጣ፣ ማን ደንበኛን በፈገግታ እንደተቀበለ፣ ማን ሚዛኑን በጣቱ ደገፍ እንዳደረገ በዓይኑ ያያል። ምዘናው ዓይኑ ነው። ሱቁ አድጎ ሦስት ፎቅ ሲሆንና ባለቤቱ የሠራተኞቹን ስም እንኳ ማወቅ ሲያቅተው የዓይኑን ቦታ ወረቀት ይተካል፤ ቅጽ፣ ነጥብ፣ የተቆጣጣሪ ሪፖርት። ወረቀት ደግሞ የተጻፈበትን እንጂ ያልተጻፈበትን አያይም።

ታላላቆቻችን በደርግ ዘመን በየቀበሌው የነበረውን የኅብረት ሱቅ ያስታውሱታል። ስኳሩና ሳሙናው በደብተር ይታደል ነበር። ደንበኛው ሌላ መሄጃ አልነበረውምና ሻጩ ቢያመናጭቀውም ቢያስተናግደውም ሽያጩ ያው ነው። በዚያው ዘመን በየፋብሪካው «ኮከብ ሠራተኛ» እየተባለ ይሸለም እንደነበር የሚያወሩ አባቶች አሉ። ሽልማቱ የሥራው ይሁን የስብሰባው ለመለየት ያስቸግር ነበር ይላሉ። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ስለነበርኩ ፍርዱን ለእነሱ እተወዋለሁ።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ቀሶስ የሙሳን (ዐ.ሰ) ታሪክ ሲነግረን፣ ከመድየን ሁለት እህትማማቾች አንዷ አባቷን ሙሳን ቅጠረው ስትል ሁለት ነገር አንስታለች፤ ብርታትንና ታማኝነትን። እኔ በመድረሳ ይህንን ታሪክ ተምሬ ኮሌጅ ገብቼ ስለ ሥራ አመራር ሲያስተምሩን፣ መምህሩ በሰሌዳው ላይ የደረደራቸው መመዘኛዎች ሁሉ ተጠቃለው እነዚህ ሁለቱ ሆነው ታዩኝ። ብርታት ማለት ጡንቻ ብቻ አይደለም። ለካሸር ብርታት ፍጥነትና የሂሳብ ጥራት ነው። ለዕቃ ክፍል ሠራተኛ ብርታት ቀድሞ የገባውን ወተት ቀድሞ ማውጣት፣ የማብቂያ ቀኑን አይቶ መለየት ነው። ታማኝነት ግን በቅጽ ላይ በቀላሉ አይሰፍርም። በመሆኑም ብዙ ድርጅቶች የሚቆጠረውን ቆጥረው የማይቆጠረውን ይተዋሉ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ላውራችሁ። ኮሌጅ ሳለሁ ማታ ማታ በአንድ የጅምላ መደብር ሂሳብ እጽፍ ነበር። ባለቤቱ ሐጂ ነበሩ፤ የመመዘኛ ቅጽ የሚባል ነገር አያውቁም። ግን ሐሙስ ማታ ሲዘጋ እያንዳንዳችንን ለየብቻ ጠርተው ሻይ ያስቀዱልንና የሳምንቱን ይነግሩን ነበር። ይህቺን ጥሩ ሠርተሃል፤ ይህቺን አበላሽተሃል፤ እንዴት ይሻላል? ከዚያ ያልፋል። የዛሬ ወር የሠራሁትን ስህተት አንድም ቀን አላነሱብኝም። በሰው ፊትም አልወቀሱኝም። በኋላ የሰሐባውን የአነስን (ረ.ዐ) ዘገባ፣ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ዐሥር ዓመት አገልግለው አንድ ቀን እንኳ የምሬት ቃል አለመስማታቸውን ሳነብ፣ ሐጂ ከየት እንደተማሩት ገባኝ። ዛሬ በትልልቅ ድርጅቶች በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ በሚሞላ ቅጽ ሠራተኛው የስድስት ወር ጥፋቱን በአንድ ቀን ይሰማል። ጥፋቱን በሠራበት ሳምንት ቢነገረው ኖሮ አምስቱን ወር ባላጠፋ!

ሌላም አለ። የእኛ ከተማ ስም የስንዴ ዝርያ ስም መሆኑን ታውቃላችሁ? የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በ2004 ዓ.ም. ያወጣው አንድ የዳቦ ስንዴ ዝርያ «ኦጎልቾ» ይባላል። ተመራማሪዎቹ ሁለት ዝርያ ሲያወዳድሩ አንዱን በለም መሬት፣ ሌላውን በድንጋያማ ላይ ዘርተው አይደለም። ጎን ለጎን፣ በአንድ ዓይነት መሬት፣ በአንድ ዓይነት ማዳበሪያ ዘርተው ነው። በመደብር ውስጥ ግን ምን ይደረጋል? መግቢያው አጠገብ የቆመው ሻጭና ሦስተኛ ፎቅ ጥግ ላይ የቆመው ሻጭ በአንድ የሽያጭ ግብ ይመዘናሉ። አንደኛው ጋ ሰው ይጎርፋል፤ ሌላኛው ጋ መብራት ሲጠፋ ማንም አይወጣም። ከዚያ ሁለተኛው «ዝቅተኛ» ተብሎ ይጻፍበታል። ለዘር ያደረግነውን ፍትሕ ለሰው ብናደርግ ምን ነበረበት?

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ፤ የጉድለቱ ነገር።

የፊቅህ ሊቃውንት ተቀጣሪን በሁለት ከፍለው ያዩታል። አንደኛው «አጂር ኻስ» ይባላል፤ ጊዜውን ለአንድ አሠሪ የሰጠ፣ በወር ወይም በቀን የተቀጠረ ማለት ነው። ሁለተኛው «አጂር ሙሽተረክ» ነው፤ እንደ ልብስ ሰፊ ከመጣው ሰው ሁሉ ሥራ የሚቀበል። በሁለተኛው ላይ ሊቃውንቱ ተለያይተዋል፤ ዐሊይ (ረ.ዐ) የእጅ ባለሙያዎችን ለተበላሸው ዕቃ ተጠያቂ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል። የመጀመሪያውን በተመለከተ ግን የብዙኃኑ አቋም ግልጽ ነው። በእጁ ያለው ዕቃ አማና ነው፤ ሆን ብሎ ካላጠፋ ወይም ካልተዘናጋ በቀር አይከፍልም። የሱፐርማርኬት ሠራተኛ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ጥፋቱ ወይም ቸልተኝነቱ በማስረጃ ከታወቀ ይክፈል፤ ማንም አይከራከርም። ካልታወቀ ግን ያልተረጋገጠን ዕዳ ማሸከም ነው። አንዲት ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከም ደግሞ ቁርኣን ደጋግሞ አስተምሮናል።

የአገራችን ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ከደሞዝ ላይ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲሆን፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ እንደሆነ ይደነግጋል። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ልጅቷን «ፈርመሻል ወይ?» አልኳት። ስትቀጠር ብዙ ወረቀት ፈርማለች፤ አላነበበችውም። ዋስ ደግሞ ጠርታ ነበር፤ ደሞዝተኛ አጎቷን። ዋስ ተጠርቶ፣ ወረቀት ተፈርሞ፣ እንደገና ጉድለት ለሁሉም ሲካፈል አሠሪው በሦስት ገመድ አስሯታል ማለት ነው።

ይህንን ነገር አሰላ ለሚኖሩ አንድ ወዳጄ ነጋዴ አነሳሁላቸው። ተቆጡኝ። «አንተ ኡስታዝ ስለሆንክ ይቀልሃል። በአንድ ዘይት የማተርፈው ስንት እንደሆነ ታውቃለህ? አንድ ዘይት ቢሰረቅብኝ ለመመለስ ስንት ዘይት መሸጥ አለብኝ? ለሁሉም ካካፈልኩት እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ» አሉ። እውነት አላቸው፤ ትርፉ ቀጭን ነው። ጉድለት ሱቅ ያዘጋል። ግን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። ዕቃ የሚጎድለው በሠራተኛ ስርቆት ብቻ ነው? አቅራቢው ሃያ አራት ብሎ ሃያ ሦስት ያስገባል። ደንበኛ በጃኬቱ ይዞ ይወጣል። እርጎ ይበላሽና ሳይመዘገብ ይጣላል። የዋጋ ወረቀቱ ይሳሳታል። ካሸሩ ሁለቱን ዕቃ አንድ ጊዜ ይመታል። ይህ ሁሉ ተደምሮ በወሩ መጨረሻ አንድ ቁጥር ይሆናል፤ ያ ቁጥር መደርደሪያ ስታስተካክል በዋለችው ልጅ ላይ ይወድቃል። ዕቃው ሲገባ፣ መጋዘን ሲቀመጥ፣ መደርደሪያ ላይ ሲወጣና ካሸር ጋ ሲደርስ ለየብቻ ቢቆጠር ግን ቀዳዳው የት እንደሆነ ይታያል።

ከሁሉም የሚብሰው ሌላ ነው። ሳይሰርቅ የሚከፍል ሰው ውሎ አድሮ «ከከፈልኩማ ልውሰደው» ይላል። የጅምላ ቅጣት ሌባውን አያስፈራውም፤ ሌሎች እየተጋሩለት ነውና። የሚጎዳው ታማኙን ነው። ወዳጄ ዝም አሉ። ተስማሙ አልላችሁም፤ ዝም አሉ።

ተቃራኒውን መንገድ የሞከሩ አሉ። አሜሪካ ውስጥ ሳም ዋልተን የተባለ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1962 አርካንሳስ ውስጥ የመጀመሪያውን ዋልማርት ከፈተ፤ በኋላ ከዓለም ትልቁ የችርቻሮ ድርጅት ሆነ። እሱ ጉድለትን ለሠራተኛው በማካፈል ፈንታ ከጉድለት የዳነውን አካፈለ። ጉድለቱ ከተቀመጠው ግብ በታች የሆነለት መደብር ሠራተኞቹ ሁሉ ቦነስ ያገኙ ነበር፤ ይህም ጉድለቱን በእጅጉ እንደቀነሰለት በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። መጠባበቁ እዚያም አለ፤ ግን ሰው ጓደኛውን የሚጠብቀው ከቅጣት ለማምለጥ ሳይሆን አብሮ ለማግኘት ነው። ሙገሳዬን በልክ አደርጋለሁ። ይኸው ድርጅት ሠራተኞችን ያለ ክፍያ አሠርቷል፣ ዕረፍት ነፍጓል በሚል የቀረቡበትን 63 ክሶች ለመዝጋት እ.ኤ.አ. በ2008 ቢያንስ 352 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ቦነስ እየሰጡ ደሞዝ መንካት ይቻላል ማለት ነው።

እዚህ ጋ ነው ልብ ማለት ያለብን። ደሞዝና ሽልማት አንድ አይደሉም። ደሞዝ ዕዳ ነው። ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲሥ የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ክፈሉት ተብለናል። በቡኻሪ ዘገባ ደግሞ አላህ በቂያማ ቀን ከሚሟገታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ሙሉ ተቀብሎ ዋጋውን ያልሰጠ ሰው ነው። ይህ ሸክሙ ከባድ ነው። ሽልማት ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ስጦታ ነው፤ ለበዓል የሚታደለው አምስት ሊትር ዘይት እዚህ ይገባል። ባለቤቱ ቢሰጥ አጅር አለው፤ ባይሰጥ አይከሰስም። ሁለተኛው ቀድሞ ቃል የተገባበት ነው፤ ይህን ፊቅሁ «ጁዓላ» ይለዋል። ሊቃውንቱ መነሻ የሚያደርጉት የዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ ነው፤ የንጉሡን መስፈሪያ ላመጣ የግመል ጭነት እንደሚሰጠው ተነገረ፤ ተናጋሪውም ዋስ እኔ ነኝ አለ። ልብ በሉ፤ ሥራው ታውቋል፣ ዋጋው ታውቋል፣ የሚከፍለውም ሰው ታውቋል። ያውም ፍለጋው ሳይጀመር።

በየመደብሩ የምሰማው ግን ይህን አይመስልም። «በዚህ ወር ይህን ያህል ከሸጣችሁ ቦነስ አለ» ይባላል። ልጆቹ ተሯሩጠው ይደርሳሉ። ሲደርሱ «ግቡ ተሻሽሏል» ይባላሉ። ይህ ስጦታ መከልከል አይደለም፤ ቃል ማፍረስ ነው። የሚገርመው፣ ነጋዴ ለደንበኛ ቲማቲም ሲመዝን ምራቂ መጨመርን ያውቅበታል፤ ለሠራተኛው ግን ልኩንም ይነፍገዋል።

ቦነስ ቢቀር ድርጅት አይወቀስም ወይ? ቃል ካልተገባበትና ትርፍ ከሌለ አይወቀስም። እንግሊዝ አገር ጆን ሉዊስ የሚባል ትልቅ መደብር አለ፤ ባለቤቱ እ.ኤ.አ. በ1929 ድርጅቱን ለሠራተኞቹ ጥቅም በአደራ መልክ ያስተላለፈ። ለሠራተኛው «ሸሪክ» ይለዋል። ቦነስ ሲኖር ከአለቃ እስከ ሻጭ በደሞዛቸው ልክ እኩል መቶኛ ያገኛሉ። ኮሮና በመጣ ጊዜ ገበያው ስለወደቀ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ1953 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦነስ እንደማይከፍል አስታወቀ። የሽርክና ባሕርይ ይኸው ነው። ደሞዝ ግን እንዲህ «ዘንድሮ የለም» አይባልበትም።

በዚህ አጋጣሚ፣ አገራችን ውስጥ የወር ደሞዝተኛ የጳጉሜን ቀናት እየሠራ እንደማይከፈለው ታውቃላችሁ። ወሩ ደሞዝ የለውም ይባላል። በእነዚያ አምስት ወይም ስድስት ቀናት ሱቁ ለዘመን መለወጫ የሚሸጠውን ብታዩ! ሽልማት ከየት ልጀምር የሚል ባለሱቅ ካለ ከጳጉሜ ይጀምር። የበዓል ዋዜማ ማምሸትም አለ። አዋጁ የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ አንድ ነጥብ 75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ያዛል። ይህ ሽልማት አይደለም፤ ዕዳ ነው። «እራት አብልቻቸዋለሁ» መልስ አይሆንም።

ሽልማት ቢኖርም የሚሸለመው ነገር ካልታሰበበት ደንበኛውን ይጎዳል። ሲርስ የተባለ የአሜሪካ መደብር መኪና የሚጠግኑ ክፍሎች ነበሩት። ሠራተኞቹ ብዙ ዕቃና ጥገና በሸጡ ቁጥር ይከፈላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የካሊፎርኒያ ግዛት የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት መኪናቸው ጥገና የማያስፈልገውን ደንበኞች እያስከፈሉ ነው ብሎ ከሰሰ፤ ድርጅቱም ያንን አከፋፈል አስቀረ። ሠራተኞቹ ሁሉ ሌቦች ሆነው አይመስለኝም። የሚሸለሙበትን ነው የሠሩት። የእኛ ካሸሮችም በፍጥነት ብቻ ከተመዘኑ መልስ መሳሳታቸው አይቀርም። ዕቃ አቅራቢዎች መደርደሪያ ለሚያስተካክለው ልጅ «ጉርሻ» እየሰጡ ዕቃቸውን ፊት ለፊት የሚያስደረድሩበትም አለ። ይህ ሽልማት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘካ ሰብስቦ መጥቶ ይህ የእናንተ፣ ይህ ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ ነው ያለውን ሰው ቤቱ ቢቀመጥ ይሰጠው ነበር ወይ ብለው መጠየቃቸውን እናስታውስ። በዚህ ላይ ሳምንቱን ሙሉ መናገር ይቻል ነበር፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

ሠራተኞች ደስ እንዳይላችሁ፤ የእናንተም አለ። ሱረቱል ሙጠፊፊን ሲቀበሉ ሙሉ የሚያስሞሉ፣ ሲሰጡ የሚያጎድሉ ሰዎችን ታወግዛለች። እኛ ለባለሱቅ ብቻ የወረደች አድርገን እናነባታለን። ደሞዙን እስከ ሳንቲሙ ቆጥሮ ተቀብሎ ከስምንቱ ሰዓት ሁለቱን ስልኩ ላይ የሚያሳልፍ ሠራተኛም ሚዛኑ ጎድሏል። ጓደኛው ዕቃ ሲያወጣ አይቶ ዝም የሚልም በጉድለቱ ድርሻ አለው። ለልጅቷም ይህንኑ ነግሬያታለሁ። «አይተሽ ዝም ያልሽው አለ?» ስላት ወደ እናቷ አየች፤ ከዚያ «አንድ ጊዜ» አለች። ጥያቄዋ ትክክል ቢሆንም መልሱ ሙሉ በሙሉ እሷ በፈለገችው በኩል አልወጣም።

ከዒድ በኋላ ወደ ሥራዋ ስትመለስ የቅጥር ውሏን ቅጂ እንድትጠይቅ፣ ከሌሎቹ ጋር ሆና በትሕትና በጽሑፍ እንድታመለክት መክሬ ሸኘኋት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለች። አምስት ሆነው ጽፈዋል። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ተቆጥቶ፣ በኋላ ቆጠራው በየክፍሉ ለየብቻ እንዲሆን ለሦስት ወር እንሞክረው ብሏል። የተቆረጠው ገንዘብ አልተመለሰም። ፎቶዋ ግን ከበሩ ላይ ወርዷል፤ ወሩ ስላለፈ ይሁን በሌላ፣ አልነገሯትም። እናቷ በማግስቱ መስጊድ በር ላይ አግኝተውኝ «ፎቶው ወረደ አሉ፤ ለእኔ ልካልኝ ግድግዳዬ ላይ ልስቀለው» አሉኝ።